ችግኝ ጣቢያ የሄድን ዕለት

(በመርሳ ከተማ የሚንቀሳቀስ አንድ የወጣቶች የፀረ ኤች አይ ቪና የጓሮ አትክልት ክበብ ባካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ የክበቡ አስተባባሪ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «የጓሮ አትክልት ልማትና የወጣቶች ጤና» የሚል ነው። በርዕሱም ላይ አራት ገጽ ጽፌ ነበር። ትናንት ማታ ግን ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ምክንያቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ባለፈው ሳምንት ቲማቲም ስንኮተኩት አንዲት አዲስ አባላችን ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ችግኝ ጣቢያ የሄዳችሁ ጊዜ አንድ ልጅ ‹አትንኩኝ፣ ደሜ ይበክላችኋል› ብሎ ጮኸ፣ ችግኙንም ጣላችሁት የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጅቷን አልተቆጣኋትም። የሰማችውን ነው የጠየቀችኝ። ነገር ግን ወሬው እንዲህ ተጣሞ አዲስ አባል ጆሮ የሚደርስ ከሆነ፣ በዚያ ቀን የነበርን ሰዎች ዝም ማለታችን ጥፋት ነበር ማለት ነው። በመሆኑም ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ጉዞ ነው። ጉዞው የተደረገው ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነው። የምናገረውን ነገር ጉዳዩ የሚመለከተው ወንድማችን አስቀድሞ አንብቦታል። ሁለት መስመር ሰርዟል፣ አንድ መስመር ጨምሯል። ስሙን አልጠራም። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

በመጀመሪያ ለምን እንደሄድን ላስረዳ። ክበባችን ሲቋቋም የነበረን ንብረት ሁለት ዶማ፣ አንድ አካፋና አንድ የውሃ ማጠጫ ነበር። ቆስጣና ሰላጣ ዘራን፤ ሆነልን፤ ሸጥን። ፍራፍሬው ላይ ግን ሽንፈት ገጠመን። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አርባ ሁለት የማንጎ፣ የአቮካዶና የፓፓያ ችግኝ ተከልን። ጥቅምት 2015 ላይ ስንቆጥር በሕይወት ያሉት ስድስት ብቻ ነበሩ። መርሳ ላይ ተቀምጦ ፍራፍሬ አልበቅል አለኝ ማለት እኮ ያሳፍራል! ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ እኛ ከተማ ሲቆም መስኮቱ ሥር ፓፓያና ማንጎ ይዘው የሚሮጡት የማን ልጆች ናቸው? የግራና ገበሬ በመስኖ የሚያለማው ፍራፍሬ አይደለም እንዴ የእኛን ገበያ የሚሞላው?

አንዳንድ ሰዎች «የአትክልት ሥራንና ኤች አይ ቪን ምን አገናኛቸው?» እያሉ ይጠይቁናል። እኛ ፈጣሪዎቹ አይደለንም። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች በኤች አይ ቪ ምክንያት ለተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የከተማ ጓሮ ፕሮግራም ይካሄድ ነበር፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግብ ስለሚያስፈልገው፣ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ጠብታ መስኖ ተዘርግቶ ጎመንና ካሮት ይመረት ነበር። የእኛ ምክንያት ግን ከዚህ ትንሽ ለየት ይላል። ከአባሎቻችን መካከል ብዙዎቹ እህቶች አስፋልት ዳር ፍራፍሬ ሻጮች ናቸው። ከነጋዴ በዱቤ አምጥተው ነው የሚሸጡት። ማታ ላይ ያልተሸጠ ሁለት ሣጥን ማንጎ ይዛ የቆመች ልጅ፣ መኪናውን አቁሞ «ሁሉንም እገዛሻለሁ፣ ብቻ…» የሚላት ሰው ሲመጣ ምን ዓይነት ጭንቅ ውስጥ እንደምትገባ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። «እምቢ በዪ» ብሎ ማስተማር ቀላል ነው። ዱቤ የሌለባት ልጅ ግን እምቢ ማለት ትንሽ ይቀላታል። የራሳችን ዛፎች እንዲኖሩን የፈለግነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ሠላሳ አራት ሆነን በሁለት ሚኒባስ ተነሳን። ዳቦ፣ ቆሎና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘናል። ከእኛ ጋር አንድ የእርሻ ባለሙያ ስለነበሩ ከመርሳ ወጥተን የወልድያን መንገድ ይዘን ስሪንቃ ስንደርስ ሾፌሩን አስቆሙትና «ውረዱ፣ እግራችሁን አፍታቱ» አሉን። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን ታውቁታላችሁ። ግራና 1 የሚባለው የማሽላ ዝርያ የወጣው ከዚህ ነው፤ ስሙ የእኛው የግራና ስም ነው። በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፉት ተቋማት መካከልም አንዱ ነው።

ባለሙያው በመንገዱ ዳር ያለውን ገና ያልተዘራ ማሳ እያሳዩ «እዚህ ምን ይታያችኋል?» ብለው ጠየቁን። «አፈር» አልን። «ሌላስ?» ሌላ አልታየንም። «አቀንጭራ አለ» አሉ። በግንቦት አቀንጭራ? ከገጠር የመጡት አባሎቻችን ሳቁ። አቀንጭራን የሚያውቁት ማሽላው ሊያሸት ሲል ወይን ጠጅ አበባውን አውጥቶ ነውና።

ያኔ የነገሩን ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። የአቀንጭራ ዘር ደቃቅ ነው፤ እንደ ትምባሆ ዱቄት ነው። አንዲቱ ተክል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ዘሩ አፈር ውስጥ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይበቅል መቆየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር አጠገቡ መጥቶ ከሥሩ የሚወጣው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ብቻ ነው። ከዚያ ሥሩ ላይ ተለጥፎ ውሃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። ከመሬት በላይ ብቅ የሚለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ገበሬው «ዘንድሮ አቀንጭራ መጣብኝ» ብሎ በሚያርምበት ሰዓት ጉዳቱ አብዛኛው ከመሬት በታች አልቋል። ከመሬት በላይ ያለው ማሽላ ግን እስከዚያ ድረስ አረንጓዴ ነበር፤ ጤነኛ ይመስል ነበር።

መፍትሔውም የተገኘው እዚያው ሥሩ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የሚባሉት አገራችን ያፈራቻቸው ሳይንቲስት፣ አሜሪካ በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኑት ይህንኑ ነው። አንዳንድ የማሽላ ዓይነቶች ያንን ዘር የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ከሥራቸው የሚያወጡት በጣም ጥቂት ነው። ዘሩ አጠገባቸው ተቀምጦ አይነቃም። ከዚህ ጥናት የተገኙት ሁለት ዝርያዎች በ1992 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን ሲለቀቁ ጎብዬና አብሽር ተባሉ። ጎብዬ የራያዋ ጎብዬ ናት፤ አብሽርን ወሎዬ ለሆነ ሰው መተርጎም አያስፈልግም። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ።

እኔ የክበብ ሰው ነኝና ወዲያው «አያችሁ ልጆች፣ ኤች አይ ቪም እንዲሁ ነው፤ ሳይታይ ዓመታት ይቆያል፤ ለዚህ ነው ምርመራ የሚያስፈልገው!» ብዬ ስብከቴን ጀመርኩ። ንጽጽሩ ትክክል ነበር። ከእነርሱ መካከል ግን አንዱ ያንን ስብከት እንዴት እየሰማው እንደነበረ አላሰብኩም። ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ሰው ከአረም ጋር ማመሳሰሌ እንደነበረም የገባኝ በኋላ ነው። አቀንጭራ የሚነቀል ነገር ነው፤ ሰው አይነቀልም። ወንድማችን ከሰረዛቸው ሁለት መስመሮች አንዱ እዚህ ጋ ነበር። እንደገና ላመሳስል ሞክሬ ሰረዘብኝ።

ችግኝ ጣቢያው ስንደርስ ፀሐዩ ገና አልበረታም ነበር። ቦታው ወንዝ ዳር ነው፤ መደቦቹ በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው በሣር ጥላ ተሸፍነዋል። የሚሠሩት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዷ ያስጎበኙን ጀመር። የተማርነው ነገር ብዙ ነው፤ የረሳሁትም አለ፤ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚያው ነው።

አፈሩን የሚቀላቅሉት በአካፋ ሳይሆን በሣጥን እየሰፈሩ ነው። ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት ወይም የደን አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ። አሸዋው ውሃ እንዲያሳልፍ ነው። እኛ ኮምፖስት በበዛ ቁጥር ይሻላል ብለን ፓፓያዎቻችንን በንጹሕ ፍግ ውስጥ ዘርተን አቃጥለናቸዋል። የፓፓያ ዘር ከፍሬው እንደወጣ አይዘራም፤ በላዩ ያለው የሚያዳልጥ ልባስ በአመድ ታሽቶ ይታጠባል፤ በጥላ ይደርቃል። የማንጎና የአቮካዶ ፍሬ ግን በተቃራኒው ነው፤ ብዙ ከቆየ ይሞታል። ቶሎ መዘራት አለበት። እኛ የማንጎውን ፍሬ ሁለት ወር በጆንያ አስቀምጠን «ለምን አልበቀለም?» ስንል ነበር።

ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ያብባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያፈራም። ችግኝ ሳለ ግን የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ይተከልና ሲያብብ ወንዶቹ ይቀነሳሉ፤ ለማራቢያ ጥቂት ይተዋሉ። ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ ልጆች እንዴት እንደጮሁ! «ጋሼ፣ ክበባችን ውስጥም ይቀነስ!» ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አቮካዶ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አበባው አንድ ጊዜ እንደ ሴት፣ ሌላ ጊዜ እንደ ወንድ ሆኖ ይከፈታል፤ ሰዓቱም እንደ ዝርያው ይለያያል። ሃስ የሚባለውን ብቻውን ከመትከል በአጠገቡ ኤቲንገርን መትከል ምርቱን የሚጨምረው ለዚህ ነው። አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት እንደሆነ ይነገራል። እኛ አያቶቻችን ያወረሱን ነው የሚመስለን።

አሁን ወደ ሠላሳ ስድስቱ ሙት ችግኞቻችን ልምጣ። አንዷ አባላችን «እትዬ፣ የእኛ ችግኞች ተተክለው ደረቁ፤ ለምን ይመስልዎታል?» አለቻቸው። እትዬ መልስ አልሰጡም። ከመደቡ ዳር አንድ የቆየ ችግኝ አነሱና ፕላስቲኩን በምላጭ ሰነጠቁት። ሥሩ ታች ደርሶ መውጫ አጥቶ እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። «እንዲህ ሆኖ ገዝታችሁት ይሆናል» አሉ። «ወይም ከነፕላስቲኩ ተክላችሁት ይሆናል።» እርስ በእርሳችን ተያየን። ከነፕላስቲኩ ነበር የተከልነው! አፈሩ እንዳይፈርስ ብለን ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በዘመቻ ችግኝ ስንተክል የኖርን ሰዎች ነን፤ ማንም ግን ፕላስቲኩን አውጡ፣ ከሥሩ ጫፍ የተጠማዘዘውን ቁረጡ ብሎ አላሳየንም፤ ወይም ተናግሮ እኛ አልሰማንም።

ሌላው ጥፋታችን ደግሞ ከጥላ አውጥተን በቀጥታ ፀሐይ ላይ መትከላችን ነበር። ችግኝ ከመተከሉ በፊት ለሦስት፣ ለአራት ሳምንት ጥላው ጥቂት በጥቂት ይነሳለታል፤ ውሃውም ይቀነስበታል። እትዬ «ማለማመድ» ይሉታል።

ከምሳ በፊት ማዳቀል ልናይ ተሰበሰብን። ባለሙያዎቹ ግራፍቲንግ ይሉታል። ከፍሬ የበቀለ ማንጎ እስኪያፈራ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ፍሬውም እናቱን ይምሰል አይምሰል አይታወቅም። ስለዚህ ከፍሬ በበቀለው ችግኝ ላይ ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ የእርሳስ ያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይገጠማል። ችግኙ አናቱ ይቆረጥና መሐሉ ይሰነጠቃል፤ ቅርንጫፉ እንደ ሽብልቅ ይጠረብና ይገባበታል፤ ልጣጭ ከልጣጭ እንዲገናኝ ተደርጎ በፕላስቲክ ይታሰራል። ከያዘ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ይፈነዳል፤ በሦስትና በአራት ዓመቱም ያፈራል።

የሚያዳቅለው ባለሙያ ቢላዋውን ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው ሲሄድ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ይነክር ነበር። «ለምን?» ስንለው፣ በተለይ በብርቱካንና በሎሚ ላይ በስለት ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚተላለፍ በሽታ እንዳለ ነገረን። እኔም ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ወደ ልጆቹ ዞሬ «ሰማችሁ? ስለት በጋራ አለመጠቀም!» አልኩ። አቤት ያ አፌ!

ባለሙያው «የሚሞክር አለ?» ሲል አምስት ልጆች ወጡ። አራተኛው ወንድማችን ነበር። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ከክበቡ ሰዎች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ቅርንጫፉን ሲጠርብ ቢላዋው አዳለጠውና የግራ እጁን አውራ ጣት ቆረጠው። ቁስሉ ትልቅ አልነበረም። ግን የአውራ ጣት ደም ታውቃላችሁ፤ ይንዠቀዠቃል። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ልጆች እጁን ሊይዙት ዘለሉ።

ያኔ አንድ ሰው «ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ጮኸ።

ወሬው እርሱ እንደጮኸ አድርጎ ነው የሚያወራው። እርሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። የጮህኩት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አንዱ ወደ ኋላ ሲሸሽ መደብ ላይ ወድቆ የቡና ችግኝ ሰበረ። ወንድማችን ቀና ብሎ አየኝ። ለሦስት ዓመት ጠብቄለት የነበረውን ምስጢር በሁለት ቃል በሠላሳ ሦስት ሰው ፊት አወጣሁት። ማንም ምንም አልጠየቀም። መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

የደረሱለት እትዬ ናቸው። ገና አፈር ያልገባባቸውን ሁለት የችግኝ ፕላስቲኮች አጠፉና በእጃቸው ይዘው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጣቱን አጥብቀው ጨመቁለት። «ምን ሆናችኋል? ደም አይታችሁ አታውቁም?» አሉን። ለእርሱ ደግሞ «አብሽር ልጄ፣ ትንሽ ናት» አሉት። ደሙ ሲቆም በሳሙና አጠቡት፤ አሰሩለት። ቢላዋውን ባለሙያው አጥቦ በረኪናው ውስጥ ከተተው፤ ከዚያም የተጀመረውን ማንጎ ራሱ አሰረና ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠው። ለእነርሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ለእኛ ግን አላለቀም። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሚዘፍን አልነበረም። ጠዋት ሦስት ሰው በተጣበበበት ወንበር ላይ ብቻውን ተቀመጠ። እኔ ፊት ከሾፌሩ ጋር ነበርኩ። ዞር ብዬ አጠገቡ መቀመጥ እችል ነበር። አላደረግኩትም።

ለብዙ ሳምንታት ወደ ክበብ አልመጣም። ሁለት ጊዜ አያቱ ቤት ሄጄ «ና ግባ፣ ቡናው ደርሷል፤ እርሱ ግን አይወጣልህም» ብለውኝ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ወጣ። የነገረኝን እንደወረደ ላቅርበው። «ጋሼ፣ ልጆቹ መሸሻቸው አልገረመኝም። እርስዎ ግን የቫይረስ መጠን ምን እንደሆነ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው እንዴት እንደሆነ ለክበቡ ያስተማሩት ራስዎ ነዎት። የመጨረሻ ውጤቴንም አሳይቼዎታለሁ።» እውነቱን ነው። ውጤቱ ቫይረሱ በምርመራ ሊገኝ ከማይችልበት ደረጃ መውረዱን ያሳይ ነበር። ወረቀቱን በእጄ ይዤ «ጎበዝ!» ብየዋለሁ።

ታዲያ ለምን ጮህኩ? ብዙ አስቤበታለሁ። እኔ በ1995 ዓ.ም. ወልድያ ተማሪ ሳለሁ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ድራማ እንሠራ ነበር። በድራማዎቻችን ሁሉ ቫይረሱ ያለበት ሰው መጨረሻ ላይ ይሞታል። ፖስተሮቻችን ላይ የራስ ቅል ነበር። ማስተማር የሚቀለንም ስለ ምላጭና ስለ መርፌ ነበር፤ ምክንያቱም በሰልፍ ላይ፣ በርእሰ መምህሩ ፊት፣ ስለ ምላጭ መናገር አያሳፍርም። ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት መናገር ያሳፍራል። በአገራችን ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ሆኖ ሳለ፣ እኛ ጥፍር መቁረጫን ስንፈራ አደግን። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሰዎች ከአልጋ ተነስተው ወደ ሥራ ሲመለሱ በዓይናችን አየን። ዛሬ በቀን አንድ ፍሬ ሆኗል። አእምሮዬ ይህን ሁሉ ያውቃል። በዚያ ቀን የጮኸው ግን የ1995ቱ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ያኔ ማለት የነበረብኝን አሁን ልበል። ሰው ሲደማ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በመጀመሪያ የሚደረገው ደሙን ማቆም ነው። ጓንት ካለ ጓንት፣ ከሌለ ንጹሕ ፕላስቲክ። ይህ ለሁሉም ሰው ደም ነው፤ የማን ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ እንጂ የአንዱን ለይቶ ለመጠቆም አይደለም። ያልቆሰለ ቆዳ ላይ ደም ቢነካ ኤች አይ ቪ አይተላለፍም፤ በውሃና በሳሙና መታጠብ ይበቃል። የሰው ደም ቁስል ወይም ዓይን ውስጥ ገብቶ ስጋት ካደረበት፣ ወይም አንዲት እህት ተገድዳ ከተደፈረች፣ ወደ ጤና ተቋም ሮጦ መሄድ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይገኝበት ደረጃ የደረሰና እዚያው የቆየ ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ ማጽናኛ አይደለም፤ በብዙ አገሮች በተደረገ ጥናት የተረጋገጠ ነው። ኮንዶም ግን ለሌሎቹ የአባላዘር በሽታዎችና ላልታቀደ እርግዝና አሁንም ያስፈልጋል።

«ሳያቋርጥ» ስል ወንድማችን የጨመረው መስመር እዚህ ጋ ይገባል። እንዲህ ይላል፦ «በጦርነቱ ጊዜ ያቋረጥኩት መድኃኒቱን ጠልቼ ወይም ችላ ብዬ አይደለም።» ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ አካባቢያችን ምን እንደነበረ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር። እርሱ በእጁ የነበረውን ፍሬ ቆጥሮ በሁለት ቀን አንድ እያደረገ አብቃቃው፤ ከዚያ አለቀ። እንዲህ ማብቃቃት እንደማይመከር በኋላ ነው የተነገረው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላልና። ያኔ ግን ማንን ይጠይቅ? አገልግሎቱ ሲመለስ ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች አንዱ እርሱ ነበር። በግንቦት 2015 ያሳየኝ ውጤት ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። እኔ የጮህኩበት ልጅ እንግዲህ ይህ ነው።

ነሐሴ 2015 ላይ ወደ ክበቡ ተመለሰ። እኔ ስለለመንኩት አይደለም። ሚኒባሱ ውስጥ ራቅ ብለው ከተቀመጡት አንዷ ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ ከችግኝ ጣቢያው ያመጣነው ፓፓያ ወንድና ሴቱ አልለይ ብሏቸው እየተጣሉ እንደሆነ ነገረችው። እርሱ እኮ የባለሙያውን ገለጻ ሁሉ በደብተር ጽፏል! ደብተሩን ይዞ መጣ። ሁለት ልጆች ከዚያ በኋላ ከክበቡ ወጥተዋል፤ አንዱ ወላጆቹ ከልክለውት ነው። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ወላጆች ዛሬ እዚህ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል።

ችግኙን ጥላችሁታል ወይ ለሚለው፦ አልጣልነውም። ከሌሎቹ ጋር ገዝተን አመጣነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ደረቀ። ያን ቀን አባሎቻችን ካዳቀሏቸው አምስት ማንጎዎች አራቱ ደርቀዋል፤ የእጅ ልምድ ይጠይቃል። የተረፈችው አጥሩ ሥር ያለችው ናት። ዘንድሮ አብባለች። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ ሁለተኛ ጉዞ ማድረግ አልቻልንም፤ በጓሯችን ግን ከፕላስቲክ ወጥቶ፣ ሥሩ ታይቶ የተተከለው አብዛኛው ጸድቋል። የፓፓያው ገንዘብ ለአራት ሻጭ እህቶቻችን ዱቤያቸውን ዘግቶላቸዋል።

የፊታችን ቅዳሜ ማዳቀል የሚያስተምራችሁ ወንድማችን ነው። ቢላዋ ለሁለት ለሁለት ሰው አንድ ይደርሳል። በረኪናው፣ ፋሻውና ጓንቱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ጓንቱ የሁሉም ነው። የውሃ ተራ የደረሳችሁ ማክሰኞና ሐሙስ እንዳትቀሩ፤ ባለፈው ሐሙስ ቆስጣው ጠውልጎ ነው ያደረው፤ ማን እንደቀረ አውቃለሁ፣ ግን በሰው ፊት አልናገርም።

ጥያቄ ካላችሁ ከቡናው በኋላ እቀበላለሁ።